የአያት ቤልጅግ ማግነም ይሸከማል ወይ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና የዝግጅት ክፍሉ መልሶች

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤ የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ነው። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ደግሞ ለእኔ የተላለፈ ፈቃድ ያለው ቤልጅግ ጠመንጃ አለኝ። ጥይቱ 7.9 ነው፤ በአሁኑ ጊዜ ግን እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ያረጀና የማይተኩስ ይበዛበታል። ከአደን ድርጅቶች ጋር ለብዙ ዓመታት የሠሩት አጎቴ ከተሰበረ የአደን ጠመንጃ የተረፈ የ300 ዊንቸስተር ማግነም (ከ7.9 ይልቅ ኃይለኛ የሆነ የአደን ጥይት) በርሜል አላቸው። አንድ የቶርኖ ሠራተኛም «በርሜሉን እገጥምልሃለሁ፤ የመዝጊያውን ፊት ጥቂት አሰፋዋለሁ፤ ቤልጅግ ማለት ማውዘር ነው፣ ማውዘር የማይሸከመው ጥይት የለም» ብሎኛል። ጋሼም በዚሁ ተስማምተዋል፤ እሳቸው የተስማሙበትን ነገር ደግሞ በቤታችን የሚያፈርስ የለም። ይሁንና እኔ ስጋት አድሮብኛል። የድሮ ጠመንጃ እንዲህ ያለውን ጥይት መሸከም አለመሸከሙ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ መልሱን ከምክንያቱ እናስቀድምና፣ በርሜሉን አያስገጥሙ። ጋሼን ለማሳመን ግን ምክንያቱ ስለሚያስፈልግዎ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን።

የቶርኖ ሠራተኛው የተናገረው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው እንጂ። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1898 የተቀበለው የፓውል ማውዘር ንድፍ እስካሁን ከተሠሩት ባለመቀርቀሪያ ጠመንጃዎች ሁሉ እጅግ ከሚታመኑት አንዱ ነው። በመዝጊያው ፊት ሁለት ትልልቅ ቆላፊ ጥርሶች አሉት፤ ከኋላ ደግሞ በተለመደው አተኳኮስ ሸክም የማይወስድ፣ ፊተኞቹ ቢሰበሩ ብቻ መዝጊያውን የሚይዝ ሦስተኛ ጥርስ ተጨምሮለታል። ቀለህ ቢቀደድ ጋዙ ወደ ተኳሹ ዓይን እንዳይመጣ የሚያወጡ ቀዳዳዎች በመዝጊያው ላይ ተበጅተዋል፤ ከመዝጊያው ኋላም ጋዝ የሚመልስ ሰፊ ከንፈር አለው። በዚህ ንድፍ ላይ ተመሥርተው ለትልልቅ የአደን ጥይቶች የተሠሩ ጠመንጃዎችም ነበሩ፤ የለንደኑ የሪግቢ ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 ላወጣው 416 ሪግቢ የተጠቀመው በማውዘር ፋብሪካ ሆን ተብሎ ረዝሞ የተሠራ የመዝጊያ ክፍል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የቤልጅጉ ኤፍ.ኤን. ፋብሪካ ለአደን ጠመንጃ የሚሆኑ የመዝጊያ ክፍሎችን ይሸጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ በማግነም በርሜል ተገጣጥመው ለዓመታት አገልግለዋል። እንግዲህ ንድፉ ማግነም ተሸክሞ ያውቃል። የእርስዎ ጥያቄ ግን ስለ ንድፉ ሳይሆን በቤትዎ ስለተሰቀለው አንድ ብረት ነው፤ ያ ብረት ለምን ጥይት እንደተሠራና ከተሠራ ወዲህ ምን እንደደረሰበት ንድፉ አይነግረንም።

በመጀመሪያ ሸክሙን እንመዝን። ጥይት ሲተኮስ በቀለሁ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ አረሩን ወደ ፊት በሚገፋበት ቅጽበት የቀለሁን ቂጥ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህን ግፊት የሚቀበሉት ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ቆላፊ ጥርሶችና ጥርሶቹ የሚያርፉባቸው መቀመጫዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የመሣሪያ ፍተሻ ኮሚሽን (ሲ.አይ.ፒ.) ለ7.9 ማውዘር፣ በሙሉ ስሙ ለ8 በ57 አይ.ኤስ.፣ የፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 3,900 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን ለ300 ዊንቸስተር ማግነም የፈቀደው 4,300 ባር ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆምና «ልዩነቱ ከመቶ አሥር ብቻ ነው» ይላል። የተረሳው የቀለሁ ስፋት ነው። የ7.9 ቀለህ ከታች በኩል ወደ 11.94 ሚሊሜትር ሲሆን የማግነሙ ከቀበቶው፣ ማለትም ከቂጡ አጠገብ ካለው ወፍራም ቀለበት፣ በላይ 13.03 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ሰፊ ቀለህ ደግሞ ለዚያው ግፊት ሰፊ መሬት ይሰጠዋል። ግፊቱን በስፋቱ ብናባዛው በ7.9 ጥይት መዝጊያው ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 4.45 ቶን፣ በማግነሙ ደግሞ ወደ 5.85 ቶን ይመጣል። በውጭ ስፋት ስላሰላነው ትክክለኛው ኃይል ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ለማነጻጸር በቂ ነው፤ ጭማሪው ከመቶ ሠላሳ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ጭማሪ በእያንዳንዱ ተኩስ፣ በተመሳሳይ ሁለት ጥርሶች ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የብረቱ ነገር ነው፤ ብዙ ክርክር የሚነሣውም እዚሁ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ለጦር ሠራዊት የተሠሩት ማውዘሮች የመዝጊያ ቤታቸው በአብዛኛው ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ ብረት ተቀርጾ ላዩ ብቻ በሙቀት የተጠነከረ ነበር፤ እንደ ድፎ ዳቦ ላዩ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ይህ በስንፍና የተደረገ አይደለም። ላዩ መበላትን ይከላከላል፣ ውስጡ ደግሞ ሸክም ሲበዛበት ከመፈንዳት ይልቅ ጥቂት እየተቀጠቀጠ ይታገሣል፤ ይህም የተኳሹን ሕይወት ያተርፋል። ችግሩ ለስላሳው ውስጥ ከልኩ በላይ ሲጫንበት የጥርሶቹ መቀመጫ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መስመጡ ነው። አንድ ጥይት የሚያሰምጠው በዓይን የማይታይ ነው፤ ሃያ ጥይት ግን ሊታይ ይችላል። መቀመጫው በሰመጠ ቁጥር በመዝጊያው ፊትና በቀለሁ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋ ቀለሁ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ቀለህ አንድ ቀን ከቂጡ ከፍ ብሎ ይበጠስና በሺህ የሚቆጠር ባር ግፊት ያለው ጋዝ ወደ መዝጊያው ቤት ይለቀቃል።

በገጠሩ ጠመንጃን ከግንድ ጋር አስሮ በገመድ መተኮስ ትልቅ ፈተና ተደርጎ ይታያል፤ እኛ የምንጠላውም በዚህ ምክንያት ነው። ጠመንጃው ያንን አንድ ጥይት ቻለ ማለት መቀመጫው አልተቀጠቀጠም ማለት አይደለም። እንዲያውም ፈተናው ራሱ ጉዳቱን ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ግን ከዚያ ወዲያ በልበ ሙሉነት ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያስጠጋል።

ብረትን በስሙ ማመን የት እንደሚያደርስ ለማየት የአሜሪካኖቹን 1903 ስፕሪንግፊልድ መጥቀስ ይበቃል። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከተሠሩት ውስጥ የመለያ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት የመዝጊያ ቤታቸው በማጠንከሪያው ሙቀት ተቃጥሎ ተሰባሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ምክንያቱም ሠራተኞቹ የብረቱን ሙቀት የሚገምቱት ቀለሙን በዓይናቸው በማየት ስለነበር፣ ግምታቸው በብርሃኑ ሁኔታ ይለዋወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ጠመንጃዎች መፈንዳት ከጀመሩ በኋላ ነገሩ ተመርምሮ አሠራሩ ተለወጠ። ያን ያህል ስም ያለው ፋብሪካ በዓይን ግምት ከተሳሳተ፣ በከተማችን ቶርኖ ቤት «ብረቱ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባ ጋሼ ይፍረዱ።

ወደ ሥራው ስንመጣ ደግሞ «ጥቂት ማስፋት» የተባለው ነገር ጥቂት አይደለም። የማግነሙ ቀለህ ከንፈር 13.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ለ7.9 በተቆረጠው የመዝጊያ ፊት ውስጥ አይገባም፤ እንዲገባ ዙሪያውን ያለው ብረት መበላት አለበት፤ የቀለህ ጎታቹም አብሮ መሞረድ አለበት። በሌላ አነጋገር ሸክሙ ሲጨምር ተሸካሚው ይቀጥናል። ርዝመቱም አለ። 7.9 ጥይት ከአረሩ ጋር እስከ 82 ሚሊሜትር ሲረዝም 300 ዊንቸስተር 84.84 ይደርሳል፤ የጠመንጃው ካዝና ግን 84 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ እሱም መቆረጥ ይኖርበታል። አንዳንዶች ከዚህም አልፈው 91.44 ሚሊሜትር የሚረዝመውን 375 ሆላንድ በዚሁ ጠመንጃ ያስገባሉ፤ ለዚህ ሲባል የሚቆረጠው ጥይቱ ወደ ላይ የሚንሸራተትበት መወጣጫ ነው፤ የታችኛው ቆላፊ ጥርስ የሚደገፈውም በዚያው ብረት ላይ ነው። ፋብሪካ ለ375 ረዥም የመዝጊያ ክፍል ለብቻው የሚሠራው በከንቱ አይደለም።

በርሜሉም ከሌላ ጠመንጃ የተነቀለ ነው ብለዋል። የማውዘር በርሜል መግቢያ ጥርስ 27.94 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ በአንድ ኢንች 12 ጥርስ የሚቆጠርበትና የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ የሆነ ነው፤ የሌሎች ፋብሪካዎች በርሜል በስፋትም፣ በቁጥርም፣ በማዕዘንም ይለያል። ስለዚህ በርሜሉ ተቆርጦ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል፤ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም እንደ አዲስ ይለካል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ክፍል ስሕተት የማይፈቅድና የራሱ መለኪያ ጌጅ የሚያስፈልገው ሥራ ነው። «በርሜሉ ይቅር፣ የድሮውን በርሜል ውስጡን ብቻ ለማግነም እናስፋው» የሚል ሐሳብ ቢመጣ ደግሞ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው፤ የ7.9 አረር ስፋት 8.2 ሚሊሜትር ሲሆን የ300 ማግነም አረር 7.82 ስለሆነ አረሩ የበርሜሉን ጠመዝማዛ መስመር ሳይዝ ይወጣል።

የእርስዎ ጠመንጃ ምን ዓይነት እንደሆነ ከደብዳቤው ብቻ መቁረጥ አንችልም። ከጣሊያን ወረራ በፊት መንግሥት ከቤልጅግ ካስገባቸው አንዱ ከሆነ የ1898ቱን ንድፍ የተከተለ ነው። በየቤቱ «ቤልጅግ» የሚባለው ሁሉ ግን ቤልጅግ አይደለም፤ «ማውዘር» የሚባለውም ሁሉ የ98 ሞዴል አይደለም። መዝጊያውን አውጥተው ይዩት፤ ከኋላ ሦስተኛው ጥርስ ከሌለና መርፌው የሚወጠረው መዝጊያውን ሲከፍቱ ሳይሆን ወደ ፊት ገፍተው ሲዘጉ ከሆነ፣ በእጅዎ ያለው ከ98 በፊት ከወጡት ከ93፣ ከ95 ወይም ከ96 ሞዴሎች አንዱ ነው፤ ስለ እነዚህ በማግነም ረገድ መነጋገር እንኳ አያስፈልግም። በርሜሉ ላይ የሊዬዥ ከተማ የፍተሻ ቤት ማኅተም ሊኖር ይችላል። ያ ማኅተም ጠመንጃው በተሠራበት ጊዜ፣ በራሱ ካሊበር (የጥይት ልክ)፣ ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት መፈተኑን ይመሰክራል፤ መዝጊያው ከተሞረደና በርሜሉ ከተለወጠ በኋላ ምስክርነቱ ያበቃል። በኮሚሽኑ አባል አገሮች ካሊበሩ የተለወጠ ጠመንጃ ከተፈቀደው ግፊት ከመቶ ሃያ አምስት በሚበልጥ ጥይት እንደገና ተፈትኖ ነው ለባለቤቱ የሚመለሰው። አገራችን የኮሚሽኑ አባል ስላልሆነች የእንዲህ ያለው ፈተና የመጀመሪያ ተፈታኝ እርስዎ ይሆናሉ።

ፈቃዱንም አይርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን በፈቃድ ሥር አድርጎታል፤ ፈቃዱን የሰጠዎትን አካል ሳይጠይቁ ካሊበር መለወጥ ከብረቱ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ማግነሙን ትተው 7.9ን ለመቀጠል ከወሰኑ፣ ጠመንጃው ለራሱ ጥይትስ ብቁ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ በእኛ አስተያየት መጠየቅ የነበረበትም ይኸኛው ነው። ባዶ መሆኑን ደግመው ካረጋገጡ በኋላ መዝጊያውን ያውጡና ሁለቱን ፊተኛ ጥርሶች ከኋላ በኩል ይመልከቱ፤ ሁለቱም እኩል ያብለጨለጩ ከሆነ ሸክሙን እኩል ይካፈላሉ፤ አንዱ አብለጭልጮ ሌላው እንደ ጥቁር ከቀረ ግን ሸክሙን ሁሉ የያዘው አንዱ ብቻ ነው። በግልጽ ካልታየዎት ጥርሶቹን በኩራዝ ጥላሸት ቀብተው ባዶ ቀለህ አጉርሰው ቢዘጉትና መልሰው ቢከፍቱት፣ ጥላሸቱ የተነካበት ቦታ ይነግርዎታል። የጥርሶቹ ሥር ስንጥቅ እንዳይኖረው በብርሃን ይመርምሩ። ባለሙያ ዘንድ ከደረሱ የሚያልፍና የማያልፍ የሚባሉትን ሁለት የ7.9 ጌጆች አስገብቶ መዝጊያው በመጀመሪያው ላይ እንዲዘጋ፣ በሁለተኛው ላይ እንዳይዘጋ ይፈትሽልዎታል። ጌጁ ውስጥ ሆኖ እጀታው ሲነሣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ዓይነት መንገጫገጭ ከተሰማ መቀመጫው መስመጥ ጀምሯል።

ከበርሜሉ ዙሪያ እንጨቱን ሳያወልቁ ምርመራው አለቀ አይበሉ። በመንዝ ብርድና ጉም፣ በጭስ ቤት ምሰሶ ላይ የኖረ ጠመንጃ ከላይ ተወልውሎ ሲያብለጨልጭ ከእንጨቱ በታች በዝገት የተበሳሳ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በክፉ ዘመን ተቀብሮ የወጣ ከሆነማ ይብሳል። ላዩ ብቻ ቡናማ የሆነ ዝገት በዘይት ይለቃል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ያበጀ ዝገት ግን የብረቱን ውፍረት በልቶታል።

የተተኮሰውን ቀለህም አይጣሉት፤ ከማንም ባለሙያ በላይ የሚናገር እሱ ነው። ከቂጡ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያብለጨልጭ ቀጭን ቀለበት ካለበት ሊበጠስ የተዘጋጀ ነው፤ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ቢያስሱ በዚያው ቦታ ጎድጎድ ያለ መስመር ያገኛሉ። ካፕሱሉ፣ ማለትም በቂጡ መሐል መርፌው የሚመታው ክፍል፣ ተደፍጥጦ ጠርዙ ከጠፋ፣ ከተበሳ ወይም ከቦታው ከወጣ ጠመንጃውን ያስቀምጡ።

ጥይቱን በተመለከተ፣ 7.9 የጠፋው ከአካባቢዎ ገበያ እንጂ ከዓለም አይደለም፤ በአውሮፓ ዛሬም ለአደን ይመረታል፤ በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ዋጋ ቢያስወጣም ከአዲስ በርሜል፣ ከቶርኖና ከሐኪም አይበልጥም። ያረጀ የጦር ሜዳ ጥይት የሚተኩሱ ከሆነ ካፕሱሉ ጨው የሚተው ዓይነት ስለሚሆን፣ በዚያው ዕለት በርሜሉን በፈላ ውኃ አጥበው አድርቀው ዘይት ይቀቡት፤ ዘይት ብቻውን ጨውን አያወጣም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና አካባቢ ነው የምጽፈው። የሣር ቤታችን በእሳት ሲቃጠል የአባቴ ማውዘር ውስጥ ነበር። ሰደፉ ተቃጥሏል፤ ብረቱ ግን ምንም አልሆነም። አዲስ ሰደፍ ከዋንዛ እያሠራሁ ነው። የመንደሩ ቀጥቃጭ ብረቱን እንደገና አግሎ በዘይት ቢነክረው እንደሚጠነክር ነግሮኛል። ትክክል ነው?

መልስ፦ «ምንም አልሆነም» ያሉት ብረቱ ስላልተጣመመ ይመስለናል። የጠመንጃ ብረት ጥንካሬ የሚመጣው በፋብሪካ ከተሰጠው የሙቀት ሥራ ነው፤ ያ ሥራ ደግሞ በሙቀት ይፈርሳል። የቤት ቃጠሎ በቀላሉ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፤ ሰደፉን የፈጀ እሳት ደግሞ የመዝጊያውን ቤት ከበቂ በላይ አግሎታል። ከበርሜሉ በላይ የሚገኘውን የዒላማ ማስተካከያ መሠረት ይመልከቱ፤ በብዙ ማውዘሮች ላይ የተያያዘው በቆርቆሮ ብየዳ ስለሆነ ብየዳው ቀልጦ ከፈሰሰ ወይም መሠረቱ ከተነቃነቀ ብረቱ ከ200 ዲግሪ በላይ መሞቁን ያውቃሉ። የመርፌው ጥቅል ሽቦ ተኮማትሮ ቀርቶ ወይም ቀላል ሆኖ ከተገኘም ያው ነው። ምልክቱ ባይኖር እንኳ ሰደፉ የተቃጠለ ጠመንጃ በእኛ ሚዛን ከእንግዲህ አይተኮስም።

የቀጥቃጩ ምክር ደግሞ ከእሳቱ የባሰ ነው። ቀጥቃጩ ለማረሻና ለመጥረቢያ የተካነ እንደሚሆን አንጠራጠርም፤ ለመንዙ ጠያቂያችን በጻፍነው መልስ ውስጥ እንደጠቀስነው፣ የስፕሪንግፊልድ ሠራተኞችም ብረቱን በቀለሙ ገምተው ሲያጠነክሩ ነው ተሰባሪ ያደረጉት። የለሰለሰ ብረት ይቀጠቀጣል፤ አጉል የጠነከረ ግን ሳያስጠነቅቅ ይበተናል። አባትዎ ትተውልዎት የሄዱት መታሰቢያ እንዲሆን መርፌው ወጥቶለት፣ የዋንዛው ሰደፍ ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ያምራል፤ ለፈቃድ ሰጪው አካልም ሁኔታውን ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ አንኮበር በቤተሰባችን ከዓድዋ ዘመን የተረፈ ውጅግራ አለ። በዘመናዊ ጥይት እንዲሠራ በርሜሉን ማስቀየር ይቻላል ወይ?

መልስ፦ አይቻልም። ውጅግራ፣ ማለትም የፈረንሳዮቹ የ1874ቱ ግራ፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ የ11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነው፤ መዝጊያውን የሚይዘውም የእጀታው ሥር በመዝጊያው ቤት ትከሻ ላይ ማረፉ ብቻ ነው፤ እንደ ማውዘር ፊት ለፊት የሚቆልፉ ሁለት ጥርሶች የሉትም። ጣሊያኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ ሲያጥራቸው የጥቁር ባሩድ ዘመን የሆነውን ቬተርሊያቸውን በርሜሉን አጥብበው ለ6.5 ካርካኖ ጥይት ለውጠውት ነበር፤ ያ ጠመንጃ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው በተኳሹ ላይ በሚያመጣው አደጋ ነው። ቸግሮት የነበረ መንግሥት ያደረገውን ሳይቸግርዎ አያድርጉት። ከዓድዋ ዘመን የተረፈ ውጅግራ በርሜሉ ሳይነካ ነው ዋጋ የሚኖረው፤ ለታሪኩም ሆነ ለገበያው።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ያለው 30-06 የአደን ጠመንጃ አለኝ። በተፈቀደ ቦታ ዒላማ ስንለማመድ በመሐል ሜዳ በኩል መዝጊያው እንደ ቅቤ ይከፈታል፤ በዚያው ጥይት ሸዋ ሮቢት ወርደን ስንተኩስ ግን ተጣብቆ እጀታውን በድንጋይ እስከ መምታት ደርሰናል። ጠመንጃው ነው ወይስ ጥይቱ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሙቀቱን እንጠረጥራለን። ባሩድ ሲሞቅ ፈጥኖ ይነዳል፤ ፈጥኖ ሲነድ ግፊቱ ከፍ ይላል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ሸዋ ሮቢት ከ1,300 ሜትር ብዙም አትርቅም፤ በዚያ ቆላ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ በመስታወት ሥር የዋለ የጥይት ሳጥን ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ላይ ቤት በልኩ የነበረ ጥይት ታች ሲወርድ ከልኩ የሚያልፈው በዚህ ነው፤ በተለይም ፋብሪካ ያልሞላው፣ በእጅ ተሞልቶ ጫፍ ላይ የደረሰ ጥይት ከሆነ። የ416 ሪግቢ ሠሪዎች ጥይታቸው በሞቃት አገር እንደሚተኮስ ስላወቁ ቀለሁን አስፍተው የተፈቀደውን ግፊት ወደ 3,250 ባር ዝቅ አድርገውታል፤ ዘመናዊው ማግነም እንዲህ ያለ ትርፍ አልተተወለትም፤ 30-06ም ቢሆን በ4,050 ባር ይሠራል።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ቅባት ነው። ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በዘይት ወይም በሞራ ከረጠበ ቀለሁ ሲያብጥ ግድግዳውን መያዝ አቅቶት ወደ ኋላ ይንሸራተትና ሸክሙን በሙሉ በመዝጊያው ላይ ይጥላል። ከመተኮስዎ በፊት ይህን ክፍል በደረቅ ጨርቅ ይወልውሉ፤ ጥይቱን በጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያኑሩት፤ ከዚያ በኋላም መዝጊያው ከከበደ ያንን ጥይት ዳግመኛ አይተኩሱ፤ ጠመንጃውንም ቆላፊ ጥርሶቹንና ክፍተቱን ለሚለካ ባለሙያ ያሳዩ። ድንጋዩን ግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ እጀታው አልነሣም ሲል መዝጊያው የሚነግርዎት ነገር አለው፤ በድንጋይ የተመታ እጀታ ደግሞ ከሥሩ ይሰነጠቃል።